ሦስት ደቂቃ ለቆሰበር

አምሳለን ለማግኘት አድራሻ አያስፈልግም። እንጅባራ ከመኪና ወርዳችሁ በአስፋልቱ ዳር ወደ ተደረደሩት የቀርቀሃ ወንበሮች ስትጠጉ ከወንበሮቹ ጀርባ የሴት ሳቅ ከሰማችሁ፣ እሷ ናት። ከሳቁ ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል፦ ከየት መጣችሁ፣ የማን ልጅ ናችሁ፣ እናታችሁ አለች ወይ። ወንበር ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ቤተሰቡ አውርቶ ሳይጨርስ ዋጋ አይነገረውም። ከተማውን እንጅባራ የሚለው ታፔላው ነው፤ እሷ ግን እንደ እናቷ «ቆሰበር» ነው የምትለው።

ይህን የምጽፈው እኔ ሃና ነኝ። የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ከእሷ ወንበሮች ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ቤት አለኝ። አገውኛ አልችልም፤ እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ትዕግሥት የለኝም። የመጨረሻውን ያለችው አምሳለ ናት፤ እኔም ለመከራከር ትዕግሥት ስላጣሁ ተቀብየዋለሁ።

አምሳለ የተወለደችው ጥርባ አካባቢ ነው። በስንት ዓመቷ እንደተዳረች አታውቅም። የምታውቀው የሙሽራ ልብሷ ረዝሟት እየረገጠችው መሄዷን ነው። ባሏ የቀርቀሃ ሠሪ ነበር፤ ደግ ሰው ነበር ትላለች፤ ልጆቹ ሳይጠነክሩ ሞተ። ለቅሶው ሲያበቃ ዘመዶቹ ቢላውንና የተቆረጠውን ቀርቀሃ ሊሸጡ ሲመጡ እሷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እየሰነጠቀች ጠበቀቻቸው። ሴት ቀርቀሃ ሰንጥቃ ወንበር ትሠራለች ብሎ ያመነ አልነበረም። የመጀመሪያው ወንበሯ አንድ ጎረምሳ ሲቀመጥበት ተሰበረ። «ወንበሩ ምን አጠፋ? አንተ ነህ የከበድከው!» ብላ አባረረችው። ሁለተኛው ወንበር ግን አልተሰበረም፤ እስከ ዛሬ የምትቀመጥበት እሱ ነው።

ለሴቶች ጉዳይ መቆም የጀመረችው በስብሰባ ነው፣ ያውም በንዴት። የሰፈሩ ሰው ስለ ትምህርት ቤት ጥገና ሲመክር ውሎ በመጨረሻ የተባለው ሁሉ ተነበበ። አቶ እገሌ ይህን ሐሳብ አቀረቡ፣ አቶ እገሌ ደገፉ፣ አቶ እገሌ ተቃወሙ፤ «ሴቶችም ተገኝተዋል»። አምሳለ እጇን ሳታወጣ ተነሣች።

«መገኘትማ በጎችም እደጅ ተገኝተው ነበር። እኛን የጠየቀን ሰው አለ?»

ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሴቶች ባልተሸጡት ወንበሮቿ ላይ ይቀመጣሉ። አበል የላቸውም፣ ቲሸርት የላቸውም፣ የሚፎክሩበት ባነር የላቸውም። «በጎ ፈቃደኛ ማለት ሳይጠሩት የሚመጣ ነው» ትላለች አምሳለ፤ እውነትም ሳይጠሩዋቸው ነው የሚሄዱት። ከጥርባና ከአዘና በኩል መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጃገረዶችን እየዞሩ ያያሉ። ስንቃቸው ያለቀባቸውን ያበላሉ፤ መቀርቀሪያ የሌለው በር ያከራየውን ሰውዬ መቀርቀሪያ እስኪያስገባ ደጁ ላይ ቁጭ ብለው ያስጨንቁታል። ልጁን ከትምህርት ያስቀረ አባት ካለም በባጃጅ እስከሚያስኬደው፣ ከዚያ ወዲያ በእግራቸው ሄደው ያናግሩታል። እኔንም መጀመሪያ ለአንድ ማመልከቻ ነበር የጠሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ መውጫ አላገኘሁም።

አንድ ቀን ሶስና የምትባል ሴት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስታልፍ ወንበር ልትገዛ ወረደች። የገጠር ሴቶችን የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ከዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ጋር የምታገናኝ ኖራለች። አምሳለ እንደ ልማዷ ስትጠይቃት፣ እሷም መልሳ ስትጠይቅ፣ የጫነቻት መኪና ጥላት ልትሄድ ደረሰች። ከጥቂት ወራት በኋላ አምሳለ በሰጠቻት የእኔ ስልክ ደወለችልኝ። የገጠር ሴቶች ዓለም አቀፍ ጉባኤ በቪዲዮ ሊካሄድ ነው፤ ለእንጅባራ ሴቶች ሦስት ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል፤ የትርጉሙ ጊዜ አይቆጠርም። አምሳለ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ።

«ሦስት ደቂቃ!» አለች አምሳለ። «ለቆሰበር? ለመላው ዓለም?»

እኔ ሦስት ደቂቃ ትንሽ መሰለኝ፤ እሷ ብዙ መሰላት። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

የጉባኤው ቀን ሴቶቹ ሁሉ ቤቴ ታጭቀው፣ አምሳለ አዲስ ነጠላ ለብሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ኔትወርኩ ለወትሮው እንደ መዥገር ተጣብቆ የሚቀር፣ ያን ቀን ፈረስ ሆነ። ስማችን ተጠራ። አምሳለ ብድግ ብላ እጅ ነሣች።

«እንደምን ዋላችሁ? ልጆቻችሁ ደህና ናቸው? አዛውንቶቹ ደህና ናቸው? ከብቱስ? ዝናብ ጣለላችሁ? አዝመራው እንዴት ከረመ? የታመመባችሁ ካለ እግዜር ይማርላችሁ። ሐዘን የደረሰባችሁም ካላችሁ እግዜር ያጥናችሁ…»

እያንዳንዱን ተረጎምኩ። ያ እንኳ በሆነ! በየጥያቄው መሐል ቆም ብላ መልስ ትጠብቃለች። ሰው እንዴት ነህ ተብሎ ዝም ሲል አይታ አታውቅማ። ስክሪኑ ላይ ያሉት ሴቶች ግራ ተጋብተው ቆይተው ፈገግ ማለት ጀመሩ፤ አንዲቷ ላሟ እንደወለደች ተናገረች፤ አምሳለም እንኳን ማርያም ማረቻት አለች፣ ለላሟ። ይህን ጊዜ ደወል ተደወለ። ጉባኤውን የምትመራው ሴት በፈገግታ አመስግና ወደ ሌላ አገር ተሻገረች።

ቆሰበር ለዓለም ያስተላለፈችው መልእክት «ከብቱ ደህና ነው ወይ?» ሆኖ ቀረ።

ሴቶቹ ሲወጡ ፈነዳሁ። «እታለም፣ ምን ሁነሽ ነው? ስለ ልጆቹ አንድ ቃል አልተነፈስሽም እኮ!»

«ሰላም ሳልላቸው ችግሬን ልዘርግፍባቸው?»

«አዎ! ሌላው ሁሉ እንደዚያ ነው ያደረገው!»

«ሌላው ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። አንዷም አንዷን አላወቀቻትም።» ነጠላዋን አጣጠፈች። «ግን አንቺ ልክ ነሽ። ሦስቱን ደቂቃ በላሁት። ልጆቹ ፊት አፈርኩ።»

አምሳለ አፈርኩ ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ንዴቴ በረደ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ማታውኑ ለሶስና ደወልኩና ለመንኳት። በማግስቱ መልሳ ደወለች። የሚመጣው ቅዳሜ መዝጊያው ነው፤ የአንድ አገር ቡድን ቀርቷል፤ ቦታውን ለእኛ ሰጥተውናል። «ሴቶቹ የእናንተዋን ሴትዮ ወደዋታል» አለች እየሳቀች። «ግን በፈጠራችሁ ሰላምታውን አሳጥሩ!»

በዚያው እሑድ ማስተዋል አልመጣችም።

ማስተዋል የጥርባ ልጅ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል። ዓርብ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄዳ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው አምሳለ ዘንድ ነበር። ዝምተኛ ናት፤ ግን አንዴ ከተናገረች ሰው ወሬውን ትቶ ይሰማታል። አብራት ቤት የተከራየችው ጓደኛዋ ብቻዋን መጣችና እያለቀሰች ነገረችን። አባቷ አስቀርተዋታል። ባንተአምላክ ለሚባሉ የአገራቸው ሰው ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ማክሰኞ አምሳለና እኔ ጥርባ ወረድን። የማስተዋል አባት አያ ይኸነው ደጃፋቸው ላይ የፈረሳቸውን ኮርቻ ሲጠግኑ አገኘናቸው። በአገሩ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ በፈረሰኞች በዓል ላይ ሲናገሩ ሰው ዝም ብሎ ያዳምጣቸዋል። ክፉ ሰው ጠብቄ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን ኮርቻውን አስቀምጠው ተነሡ፤ አቀፉን፤ በርኖሳቸውን አንጥፈው አስቀመጡን። ማስተዋል ጠላ ቀዳችልንና በሩ አጠገብ ቆመች፤ አንገቷን ደፍታለች።

ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ። ያን ቀን አልተናደድኩም፤ ሦስት ደቂቃ የሚል ደወል የለማ። ከዚያ አምሳለ ገባችበት።

«አያ ይኸነው፣ ልጅቷን ምነው አስቀሯት?»

«ምነው ትይኛለሽ? የሆነውን ሰምተሽ የለም?» አሉ። ልጆቹ የተከራዩትን ቤት በር አንድ ሰካራም በሌሊት ሲገፋው አድሯል፤ እነሱ ከውስጥ ሳጥንና አልጋ ደግፈው ነው ያነጉት። ማን እንደሆነ አልታወቀም። «እኔ እዚህ ጥርባ ተኝቼ ልጄ እዚያ አንድ ነገር ብትሆንብኝ ማን ይመልስልኛል? አንቺ ትመልሽልኛለሽ? ትዳር ከያዘች ግን በሯን የሚገፋ የለም።»

«እሷስ ምን አለች?»

አያ ይኸነው ወደ ማስተዋል አላዩም። «ቃል ሰጥቻለሁ፣ አምሳለ። ለባንተአምላክ፣ በሽማግሌ ፊት። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም?»

ይህን ተረት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ስለ ቃል ማክበር ነው፣ ጥሩ ተረት ነው። የወለዱት የተባለችው ልጅ ግን እዚያው በሩ ላይ ቆማ ትሰማዋለች። አምሳለን አየኋት። ጠላዋን ተጎነጨች። ቀጥላ የተናገረችው ነገር ከበርኖሱ ላይ ሊያስነሣኝ ምንም አልቀረውም።

«እሺ። አንድ ነገር ግን ይተባበሩን። ቅዳሜ የዓለም ሴቶች በኮምፒውተር ይሰበሰባሉ። ባለፈው ሰላምታውን እኔ አስረዝሜ ተዋረድኩ። ሰላምታ የአዋቂ ሰው ነው። እርስዎ መጥተው ሰላም ይበሉልን፣ ከዚያ ቃሉን ለእኛ ይስጡን። ማስተዋልም ትናገራለች።»

የሰውዬው ፊት በራ። «ለዓለም?»

«ለዓለም።»

«ማስተዋልም ትናገር። ልጄ አንደበቷ ጥሩ ነው» አሉ፤ ከልባቸው ኩራት ይሰማል። እኔ ደግሞ እሱ ኩራት አናደደኝ።

ማስተዋል እስከ መንገዱ ሸኘችን። አምሳለ በአገውኛ አናገረቻት፤ ልጅቷ ባጭሩ መለሰች። ብቻችንን ስንቀር ምን እንደተባባሉ ጠየቅኩ።

«ቅዳሜ የፈለግሽውን ተናገሪ፤ ካልፈለግሽ ስለ ትምህርት ቤት ተናገሪ፤ ጭራሽ ካልፈለግሽም እኔ አለሁ አልኳት። ‘አባየ ፊት?’ አለች። አዎ፣ አባትሽ ፊት አልኳት። ‘አስብበታለሁ’ አለች።»

ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ ጮህኩባት። የሴቶችን ሦስት ደቂቃ ለሰውዬው አሳልፋ ሰጠች! ልጅ በዚህ ዕድሜ መዳር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለምን ፖሊስ አንጠራም? አምሳለ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ፖሊስ ቢመጣ ሠርጉ ይቀራል። አባቷ ግን መቼም ቢሆን ዳግመኛ ከተማ አይልኳትም። የቀረ ሠርግ ነው የምትፈልጊው ወይስ የምትማር ልጅ? ቅዳሜ ካልሆነ ሰኞ እኔው ራሴ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፤ አብረሽኝ ትመጫለሽ።» ጫማዋ ውስጥ የገባውን ጠጠር አራገፈች። «ቃሉን የሰጡት ሰው ፊት ነው። ሰው ፊት ካልሆነ አይመልሱትም። እኔ ብቻ ለእሳቸው ሰው አልበቃሁም፤ አየሽ አይደለም? እስቲ ትልቅ ሸንጎ እናምጣላቸው።»

የገባኝ ግማሹ ነው። ግማሹን በእምነት ያዝኩት፤ እምነት ደግሞ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይከብዳል።

ቅዳሜ አያ ይኸነው ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ማስተዋልን አስከትለው ቤቴ ገቡ። ሴቶቹ ለሳቸው መሐሉን ለቀቁ። ማስተዋል በግራቸው፣ አምሳለ ከማስተዋል ቀጥሎ፣ እኔ ዳር። ዱላውን የት እንደሚያደርጉት ቸግሯቸው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ስክሪኑ ላይ ሴቶቹ በየሣጥናቸው ተደርድረዋል፤ አምሳለን ያወቋት እጃቸውን አወዛወዙላት። አያ ይኸነው ይህን አይተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ስማችን ተጠራ። እኔ የሰዓቱን ቁጥር እያየሁ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው የሚሆን እንግሊዝኛ አዘጋጀሁ።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ አያ ይኸነው። «ይኸነው እባላለሁ፤ ገበሬ ነኝ። እኛ ደህና ነን፤ እናንተም ደህና ሁኑ። ቃሉ የልጄ ነው።»

በቃ። ይህን ብቻ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይህን ያህል አጭር ሰላምታ ከአንድ የአገሬ ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ማስተዋል ተናገረች። በአማርኛ ትናገራለች ብዬ ነበር፤ በትምህርት ቤት ከሁሉ የምትበልጠው በአማርኛ ነው። እሷ ግን በአገውኛ ጀመረች። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም። ስለዚህ የአባቷን ፊት አየሁ። ሲጀመር ፈገግ ብለዋል። ከዚያ ፈገግታው እዚያው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። እጃቸው ዱላውን ጨበጠ። ከኋላ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ «ውይ!» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልጅቷ ወደ አባቷ አልዞረችም፤ ስክሪኑን እያየች ጨረሰች።

አምሳለ ወደ አማርኛ መለሰችው። አምሳለ አንድን ነገር ሳትጨምርበት አውርታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ምንም አልጨመረችም። እኔም እንደዚያው ተረጎምኩ።

«ማስተዋል እባላለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ሰላም ያሏችሁ አባቴ ናቸው። አባቴ ሊድሩኝ ቃል ሰጥተዋል። ቃል ከመስጠታቸው በፊት ሽማግሌዎቹን ጠይቀዋል፤ አጎቶቼን ጠይቀዋል፤ ቀኑን እንኳ የቆረጡት ጎረቤት ጠይቀው ነው። እኔን አልጠየቁኝም። ክፉ ሆነው አይደለም። የተከራየነውን ቤት በር ሰው ስለገፋው ፈርተው ነው። እኔም ፈርቻለሁ። ግን በሩን የገፋው ሰው እንደ ልቡ እየሄደ ከትምህርት የቀረሁት እኔ ነኝ። ቢጠይቁኝ እንቢ እል ነበር። ተዳረች ሲባል ከሰማችሁ፣ እንቢ ብላ ነበር በሉ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አልኩት። አልደብቅም፤ አለቀስኩ። ስንቱን ማመልከቻ ጽፌ፣ ስንቱን ጽሑፍ አባዝቼ፣ እንደዚህ የሚያስፈራ ቃል ከእጄም ከአፌም ወጥቶ አያውቅም።

ስክሪኑ ላይ ከኔፓል ተራሮች የነበሩ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሡ። ቀይ ሻርፕ ተከናንበዋል። በራሳቸው ቋንቋ ተናገሩ፤ አስተርጓሚያቸው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩት። ጥያቄው ለአያ ይኸነው ነው።

«ጌታዬ፣ እኛ ልጅዎን ሰምተናታል። እርስዎስ ሰምተዋታል?»

አያ ይኸነው ከወንበራቸው ግማሽ ተነሡ። አፋቸውን ከፈቱ። ይህን ጊዜ ደወሉ ተደወለ። የጉባኤዋ መሪ አመሰገነችን፣ ማስተዋልን በስሟ ጠርታ አመሰገነቻት፣ ወደ ሌላ አገር ተሻገረች። አሮጊቷ ከስክሪኑ ጠፉ።

«የት ሄዱ?» አሉ አያ ይኸነው። «ሴትዮዋን መልሺልኝ። አልመለስኩላቸውም እኮ!»

«አልችልም አያ ይኸነው። ጊዜያችን አልቋል።»

«ሰው ጠይቆ መልስ ሳይሰማ እንዴት ይሄዳል?» ተቀመጡ። መልሰው ተነሡ። እኔ በውስጤ ሰኞንና ፖሊስ ጣቢያውን እያሰብኩ ነው፤ ሰውዬው ልጃቸውን ይዘው ሊወጡ፣ ሁለተኛም ይህን ደጃፍ ላይረግጡ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ደግሞም በግኛለሁ። አንድ አባት አንድ ግድግዳ ለይቷት የምትተኛ ልጁን ለመስማት ከኔፓል ሰው እስኪመጣለት መጠበቅ አለበት? ልላቸው ነበር። አምሳለ ጉልበቴን ጨብጣ ያዘችኝ።

አያ ይኸነው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ወደ ማስተዋል ዞሩና በአገውኛ አንድ ነገር አሏት። አጭር ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ያን ቀን ከመጣች ጀምሮ አባቷን ቀጥ ብላ ስታይ ያኔ ገና መጀመሪያዋ ነው። እሷም አጠር አድርጋ መለሰች።

«ምን አሏት?» አልኩ በሹክሹክታ።

አምሳለ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ሞልቷል። «ጠየቋት» አለች።

«እሷስ?»

«እንቢ አለች።»

አያ ይኸነው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ማለታቸው ይሁን ማዘናቸው ፊታቸው አይናገርም። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም፤ የተከበረ ሰው ቃሉን ሊያፈርስ ሲነሣ ቀላል አይደለም። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው ጣሉና ወደ አምሳለ ዞሩ።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ባንተአምላክ ዘንድ ሽማግሌ ይሄዳል። አድማሴ አለ፣ ሽባባው አለ። አንቺም ትመጫለሽ።»

«እኔ?» አለች አምሳለ። «እኔ ምን ልሆን?»

«ሽማግሌ ነዋ! ይህን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። እኔን ያናገርሽኝን ያህል እሱንም አናግሪው። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ልጄ የምትተኛበትን ቤት በር እኔው ራሴ መጥቼ ሳላየው ከተማ አታድርም።»

«ይምጡ! ቀርቀሃ ሰንጥቀን ሁለተኛ በር እንሠራለታለን!»

በዚህ አገር ሽምግልና የወንድ ነው፤ ሴት ሽማግሌ ሆና ቃል ልታስመልስ ስትሄድ እኔም አላየሁ፣ ሴቶቹም አላዩም። እሑድ አምሳለ በሁለት ሽማግሎች መሐል ሆና የባንተአምላክን ደጅ ስትረግጥ ሰውዬው መጀመሪያ የመሰላቸው ወንበር ልትሸጥ የመጣች ነው። ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ። ሰላምታው ብቻ ጠላ አንድ ዙር ሳያስፈጅ አልቀረም፤ ከዚያ የሆነውን እሷ ስትተርከው በየሳምንቱ ይረዝማል። አጭሩ ይህ ነው፦ ተቆጡ፣ ተለመኑ፣ ልጃቸውን ጠርተው ጠየቁት። እሱም ቢሆን ከመጀመሪያው ያላሰበበት ነገር ኖሯል፤ እፎይ አለ። ቃሉ በሰላም ተመለሰ።

ረቡዕ ጠዋት ሶስና ደወለችልኝ። ከጉባኤው ወዲህ ስልኳ ማረፊያ አላገኘም። ከሦስት አገር ያሉ ሴቶች ስለ እኛዋ ልጅ ይጠይቋታል፤ የኔፓሏ አሮጊት ደግሞ መልሴን ሳልሰማ አልተኛም ብለው አስተርጓሚያቸውን አስቸግረዋል። አንዲት ጋዜጠኛም ከሩቅ አገር የማስተዋልን ድምፅ መቅዳት ትፈልጋለች፤ አሁን መስመር ላይ ናት።

«ልጅቷን አገናኚኝ» አለችኝ ሶስና። «ዓለም እየጠበቃት ነው እኮ!»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ከአስፋልቱ ማዶ አምሳለ አንድ ገዢ ይዛ ስለ እናቱ እየጠየቀችው ነው።

«አሁን አትገኝም» አልኳት። «ክፍል ገብታለች።»